ለአመድ ውሃ አጭር ተረት

ገና ልጅ እያለሁ፣ ያኔ ካርቱም ውስጥ ቡሪ በሚባለው ሰፈር ስንኖር፣ ጊዜን የምለካው በተረት ነበር። የሚያሳድጉኝ እትዬ ጥሩወርቅ ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ እናቴ ሪያድ ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር፣ እኔን ለእሳቸው አደራ ሰጥታ ዓርብ ዓርብ ብቻ እየመጣች ታየኝ ነበር። እትዬ ሲያጥቡ እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ስለሆነ ሰዓት ማየት አይሆንላቸውም፤ ስልካቸውም መብራት እየጠፋ ሞቶ የሚውልበት ቀን ይበዛ ነበር። ስለዚህ ልብስ ተዘፍዝፎ የሚቆይበትን ጊዜ በተረት ይቆርጡታል። እንዶድ ረጅም ተረት ይፈልጋል፤ የአመድ ውሃ አጭር ተረት።

ሕዝቡ አደባባይ የወጣበት፣ ዳቦም ነዳጅም በወረፋ የሆነበት ዘመን ነው። የዱቄት ሳሙና ዋጋ አልቀመስ ሲል እትዬ ፊታቸውን ከልጅነታቸው ወደሚያውቁት ነገር አዞሩ። ከመተማ በገዳሪፍ በኩል የሚመላለስ አንድ ሹፌር ደረቅ የእንዶድ ፍሬ በማዳበሪያ ያመጣላቸዋል፤ ይወቅጡትና ለብ ባለ ውሃ ሲያሹት አረፋው ከሳፋው አፍ እየተረፈ ይፈሳል፣ ያስነጥሰናልም። ለነጭ ልብስ ደግሞ የምድጃውን አመድ በወንፊት ነፍተው፣ ውሃ ሞልተውበት ያሳድሩና ከላይ የጠለለውን ብቻ ይቀዳሉ። አመድ ልብስ ያነጣል ብሎ ማን ያምናል? እኔ በዓይኔ እያየሁም አላምንም ነበር። መቆንጠጫ አይገዙም፤ ሁለት ገመድ አጠማዘው ይወጥሩና የልብሱን ጫፍ በመሃሉ ይሸጉጡታል፣ ነፋስ ቢመጣ አይወስደውም። ነጩ ፀሐይ ላይ፣ ባለቀለሙ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ነው የሚሰጣው፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከሩቅ ቀይ ሆኖ ሲታይ ደግሞ ሁላችንም ሩጫ ነው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትልና ሙቀቱ ሲበርድ፣ የነገውን ልብስ ስንዘፈዝፍ ተረቱ ይጀመራል። መብራት ከጠፋ ፋኖሱ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ምድጃው ውስጥ የቀረው ፍም እየሞተ አመድ ሲለብስ፣ እትዬ ለነገ ማንጫቸው ነውና በስስት ያዩታል። የአመድ ውሃው ተረት ሁልጊዜ አንድ ነው። ጅብ ሠርግ ይጠራና የገላውን ነጠብጣብ ሊያጥብ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የመጀመሪያው ወንዝ ይሸሸዋል፣ ሁለተኛው ይስቅበታል፣ ሦስተኛው «ና ግባ» ይለዋል፤ ታጥቦ ሲወጣ ነጠብጣቡ እንዳለ ነው፣ ሠርጉ ግን አልቋል። እትዬ «ሠርጉ አለቀ!» ሲሉ ልብሱን ካመድ ውሃው መንጭቆ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉና «ዳቦው እንኳ ገና ወረፋ ላይ ነው» ብለው ብቻቸውን ይስቃሉ።

እኔ ግን ያኔ አርፌ መቀመጥ የሚባል ነገር አላውቅም። ከግቢው ውጭ ጎማ ይቃጠላል፣ ወጣቶች እየዘመሩ ያልፋሉ፣ ቡምባን የሚሉት አስለቃሽ ጋዝ ሲተኮስ ጭሱ በአጥሩ ላይ ይመጣና ዓይናችንን ያነደዋል፤ እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ድምፅ ብድግ እላለሁ፤ እናቴ ያለችው በዚያ ሁሉ መንገድ ማዶ ነዋ። «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ይሉኝ ነበር እትዬ።

አንድ ዓርብ እናቴ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። የአሠሪዋ ቶብ ነበር፤ የሱዳን ሴቶች ከልብስ በላይ የሚጠመጠሙት ያ ረጅም ጨርቅ፣ ነጭ፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ጥልፍ። ሻይ ፈሶበታል። በሪያድ መብራት ስለሌለ የማጠቢያው ማሽን ከቆመ ሰንብቷል፣ እናቴም ስለ እትዬ እጅ ጉራዋን ነፍታ ኖሯል።

«እትዬ፣ አደራዎን» አለች። «ባለፈው ሸሚዝ በካውያ አቃጥዬባት፣ ሌላ ጥፋት ካየሁ ኻላስ፣ በቃሽ ብላኛለች። የመኖሪያ ፈቃዴም፣ ኢቃማው፣ በእሷ ስም ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ለምኜ ወጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ኢንሻላህ በይ እንጂ።»

«ኢንሻላህ።»

ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ ተናወጠ። ልጆቹ በየመገናኛው ድንጋይ ከምረው መንገድ ዘጉ፤ ስልክ አይሠራም። እትዬ የቶቡን እድፍ በሎሚና በጨው አሽተው፣ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንዲነጣ አመድ ውሃው ውስጥ እንደከተቱት ጎረቤት «ዳቦ መጥቷል!» ብላ ጮኸች። ከሁለት ቀን በኋላ የመጣ ዳቦ ነው። እትዬ ነጠላቸውን አፈፍ አደረጉ።

«የጅቡን ተረት አንዴ ተርተሽ አውጪው። አንዴ ብቻ! ከቆየ ጥልፉ ቀለም ይፈታል። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሰምቻለሁም። ብቻዬን ከሳፋው ፊት ተቀምጬ «ተረት ተረት» አልኩና ራሴው «የመሠረት» ብዬ መለስኩ። ጅቡ የመጀመሪያው ወንዝ ሳይደርስ ከሪያድ በኩል ተኩስ ተሰማ። እንደ ወትሮው የሩቅ አልነበረም። ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተረቱ ካለቀና እናቴ ካልመጣች ከዚያ ወዲያ የምትመጣ አልመሰለኝም። ስለዚህ ጅቡን ወደ ወንዝ መውሰዴን ተውኩና ከሪያድ አስነሳሁት። በትልቁ አስፋልት አመጣሁት፣ ሪክሻ አጥቶ በእግሩ ሄደ፣ የተከመረውን ድንጋይ ተሻገረ፣ ወታደር ሲያይ ግንብ ሥር ተሸሸገ፣ ጭስ ገባበትና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነ። ጥግ ጥጉን እየመራሁ ሰፈራችን አስገባሁት፤ አሁንም በሩ ዝም ስላለ ጅቡን መልሼ ወደ ሪያድ ላክሁትና እንደገና አስነሳሁት። ሳፋውን አላየሁም። ልክ ነው፣ አንድ ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን እጄን ብሰደው ተረቱ የሚያልቅ መሰለኝና ተውኩት።

ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። እናቴ ነበረች፤ ሻርፗ አፍንጫዋ ላይ፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ ዓይኗ ቀልቶ እያለቀሰ። ጭሱ ነው ያስለቀሳት ወይስ እኔን ማየቷ፣ ለይቼ አላውቅም። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አልለቅ አልኳት።

«እትዬስ?» አለች፣ «ቶቡስ?»

ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል። እናቴ ቶቡን በሁለት እጇ አነሳችው፤ ጥልፉ ነጩን ክፍል ከዳር እስከ መሃል በክሎታል። ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቀረች፣ እኔም እግሯ ላይ ወደቅሁ፣ ይቅርታ እያልኩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

እትዬ አምስት ዳቦ ታቅፈው ሲገቡ ቶቡን አዩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አመድ ውሃ ለልጅ አይተውም» አሉ። መንገዱ ተዘግቷልና እናቴ ያን ቀን እኛው ጋ አደረች። ንጋት ላይ እትዬ ቶቡን በሎሚ ነክረው ጣሪያው ላይ አሰጡት፣ ሲደርቅ እንደገና አረጠቡት፣ ፀሐይዋ ሌላ ጊዜ ድንጋይ የምትሰነጥቅ፣ ያን ቀን አቅም ያነሳት መሰለች። አረንጓዴው ገረጣ፤ አልጠፋም።

«እኔ ዘፍዝፌ ረሳሁት እላታለሁ» አለች እናቴ ቶቡን እያጠፈች። «የልጄን ስም አላነሳም።»

«እኔ ልሂድልሽ፣ ለምኜ...» አሉ እትዬ።

«ይተዉት እትዬ። ያላ፣ መንገዱ ሳይዘጋ ልሂድ።»

እኩለ ቀን ሳይሆን ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ ቀላል አልነበረም። ኢቃማዋ ሲያልቅ የሚያድስላት ጠፋ፤ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን በሚለቅምበት ሰሞን ከግቢ አትወጣም፣ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇ ሳፋው ውስጥ ይቆማል። ከእትዬ ጋር ለሁለት ሲያጥቡ ቆዳዋ በአመድ ውሃ ተላጠ። ካርቱምን ለቀን እስክንወጣ ድረስ ያ ፍርሃት አልለቀቃትም።

ዛሬ የራሴን ነጭ ልብስ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ፣ ያን ተረት ለምን እንዳረዘምኩት አንዳንዴ እጠይቃለሁ፤ ፍርሃት ብቻ ነበር ብዬ ራሴን ላሳምን እሞክራለሁ፣ አይሆንልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ በየማታው አጠገቤ ተኛች፤ ዓርብን መጠበቅ ቀረ። ስለ ቶቡ ያን ማታውኑ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሻንጣዋን ይዛ በበሩ ስትገባ ደስ ስላለኝ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።