«ጀርባውን እዩ» ያሉን መምህር

የሮቤው የፊዚክስ አስተማሪ መምህር አስራት ባለፈው ሐሙስ አርፈው ዓርብ ተቀብረዋል። ያልሰማችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙ። ይህን የምጽፈው ግን ለማርዳት ብቻ አይደለም። በቀብራቸው ላይ የተደረገው ንግግር አብግኖኛል።

ተናጋሪው በደርግ ዘመን የአካባቢያችን ሊቀመንበር የነበረው ሰው ነው። ስሙ ከመምህር ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ስለማልፈልግ አልጽፈውም። «የነፋስ ፓምፑን እኔና ወዳጄ አስራት ነን ያቆምነው» አለ። እናንተም እንባችሁን ጠረጋችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ግን አንድም ቃል አላስቀረብኝም።

መምህር ከጎጃም ተመድበው የመጡ ቁጡ ሰው ነበሩ። ያረፈደ ተማሪ ሰበቡን ሳይጨርስ በሩን ይዘጉበታል። አንድ ቀን ማንኪያና ጆግ ይዘው ክፍል ገቡ። ማንኪያውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ ከጆጉ የሚወርደውን ውሃ በጎባጣ ጀርባው ላይ ለቀቁበት። ሁላችንም ውሃው ይገፋዋል ብለን ነበር። ማንኪያው ግን ወደ ውሃው ተሳበ።

«ውሃው ጉብታውን ተከትሎ ሲታጠፍ ማንኪያውን ወደ ራሱ ይጎትታል» አሉን። «ነፋስም እንዲሁ ነው። የክንፍን ሆድ ይገፋል፣ ጀርባውን ይስባል። ክንፍ ስታዩ ጀርባውን እዩ።»

በዚያ ዘመን በመንደር ምስረታ ሰበብ ከየጓሯችን ነቅለው በገሰራ መንገድ ሜዳ ላይ አሰፈሩን። ምንጩ ከአሮጌው ቤታችን ጋር ቀረ። እናቴ ከወንዝ ውሃ ስትሸከም ወገቧ ጎበጠ። ጉድጓድ ቢቆፈርም ለሞተር የሚሆን ናፍጣ አልተገኘም። ነፋስ ግን ሜዳውን ሞልቶታል። መምህር ከትምህርት በኋላ እየመጡ የነፋስ ፓምፑን ክንፎች ከጥድ ጠረቡ፤ የፊት ጠርዛቸውን ወፍራም፣ የኋላውን ስስ፣ ሆዳቸውን ጎድጓዳ፣ ጀርባቸውን ጎበጥ ያለ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ሻከር ያለችውን ቦታ እንደገና ይልጉ ነበር።

ክንፎቹ ከመሰቀላቸው በፊት ሊቀመንበሩ ቀለም ቀቢ ልኮ መፈክር አስጻፈባቸው። ቀቢው ጎላ ብሎ እንዲታይ ብሎ በጎባጣው ጀርባ ላይ ጻፈ። ፓምፑ በጅራቱ እየተመራ የክንፎቹን ሆድ ወደ ነፋስ ሲያዞር መፈክሩ ከኋላ ሊቀር ነው። የክብር እንግዶቹ መድረክ ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው የተሠራው።

«ክንፎቹ ይገልበጡ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከተገለበጡ ነፋሱ ጀርባውን ተከትሎ አይሄድም። ተላቆ ይበተናል፣ ጉልበቱም አብሮ ይጠፋል» አሉ መምህር።

«ጓድ አስራት፣ መፈክሩ ለሕዝብ ነው የተጻፈው።»

«ውሃውስ ለማን ነው?»

ክንፎቹ ተገለበጡ። በምርቃቱ ቀን ፓምፑ መፈክሩን ለማንበብ እስኪመች ድረስ ቀስ እያለ ዞረ። ከቧንቧው ውሃ ሲፈስ አጨበጨባችሁ። ያ ውሃ ከኋላ ከተደበቀ በርሜል የመጣ ነበር፤ በርሜሉንም የሞሉት እናቴና ጎረቤቶቿ ናቸው፣ ከወንዝ ተሸክመው። ከጉድጓዱ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። መምህርን አፋቸውን እንዲይዙ ወደ ጊኒር አዛወሯቸው።

ከወራት በኋላ የመንደራችን ሽማግሌ ሐጂ ቃሲም ጊኒር ድረስ ሄዱ።

«አስራት፣ ቢሻን ሂን ጂሩ» አሏቸው። «ውሃ የለም፣ ልጄ። ሴቶቹ አለቁ።»

መምህር ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ የብሎን መፍቻቸውን ይዘው መጡ። ባለሥልጣኖቹ ለስብሰባ ጎባ በሄዱበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ማማው ላይ ወጡ። እያንዳንዱን ክንፍ ፈተው ሆዱን ወደ ነፋስ መልሰው አሰሩት። መንደሩ ሁሉ ከሥር ቆሞ ያያቸዋል። ፓምፑ መጀመሪያ አጓራ፤ ከዚያ መፈክሩም ቀለሙም እስከማይለይ ድረስ ዞረ። ውሃው ጭቃ ጭቃ እያለ ወጣ፣ ቀጥሎም ጠራ። እናቴ ፊቷን ታጠበችበትና እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ኤቢፈሚ» ብላ መረቀቻቸው።

መምህር «ለአብዮቱ ጀርባውን አዞረ» ተብለው ታሰሩ፤ ክንፎቹን ግን ዳግመኛ የገለበጣቸው አልነበረም። በተከሰሱበት ስብሰባ ላይ «ይታሰር» ብላችሁ እጃችሁን ያወጣችሁ ትታወቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁን ዓርብ ዕለት ነጠላ አዘቅዝቃችሁ አይቻችኋለሁ።

ሲፈቱ ከስተው፣ እየሳሉ ነው የወጡት። ያ ሳል እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ሊቀመንበሩን ግን መንገድ ላይ ሲያገኙት ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም ይሉት ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ዘይነባ፣ እናትሽ አሁንም ወንዝ ይወርዳሉ?»

«ኧረ የለም፣ መምህር።»

«እንግዲያው ይበቃኛል። አንቺም ሰላም በይው።»

መምህር፣ እርስዎ ባሰሩት ክንፍ የወጣውን ውሃ ጠጥቼ አድጌያለሁ፤ ልጆቼም ጠጥተውታል። የነገሩኝን ሁሉ ለመፈጸም ሞክሬያለሁ። ዓርብ ዕለት ከቀብርዎ ስንመለስ ያ ሰው እጁን ዘረጋልኝ። እርስዎን በቅቶዎት ነበር፣ እኔን ግን አልበቃኝም። አልጨበጥኩትም። በዚህች ይቆጡኝ እንጂ ይቅር አልለውም። ደህና ይረፉ፣ መምህሬ።