አሽዋጋንዳና የባለቤቴ ዝምታ

መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። ሙሉጌታ ለሥራ ሊወጣ ሲል የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «ብርድ ነው» አለኝ። የሜልበርን አየር በአንድ ቀን አራት ዓይነት ስለሚሆን አመንኩት። ቁልፉን ቆለፍኩለትና ወጣ።

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ ደግሞ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ እዚህ ኤጅድ ኬር በምንለው፣ እሠራለሁ። የምንኖረው ከሜልበርን ዳር፣ ታርኔት ነው። ይህ የሆነው የባቡር ጣቢያችን ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ነው። የምጽፈውም ባሏ ወይም እናቷ ምክንያቱ ሳይታወቅ እየከሳባት «ስትረስ ነው» እየተባለች ለምትኖር ሴት ነው። እኔም ለወራት እንደዚያ ስባል ነበር።

ሁዳዴ ጾም ገብቶ ነበር። ሙሉጌታ ሽሮውን ጠርጎ በልቶ ይጨመርልኝ ይላል፤ ሱሪው ግን እየሰፋው ሄዶ ቀበቶው ላይ በሚስማር ሌላ ቀዳዳ በሳ። የሚበላ ሰው ሲከሳ እኛ አበሾች ወዲያው «ስኳር ነው» እንላለን። እኔም አልኩ። ለካሁት፤ ስኳሩ ደህና ነው። ላቡ ግን ያጠምቀዋል፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ቴሌቪዥኑ ላይ ለሚያወራው ሰውዬ ሳይቀር መልስ ይሰጥ ጀመር።

«ሐኪም ጋ ቡክ ላድርግልህ?» ስለው፣ «ሺፍቱ ነው፤ ያልፋል» ይለኛል። አላለፈም።

ፋሲካ አልፎ ብዙ ሳይቆይ፣ ሥራ ላይ እያለሁ ስልክ ተደወለ። ከዴፖው፣ አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት መሥሪያ ቤቱ፣ ነው። ሙሉጌታ አውቶቡሱን ዳር ይዞ አቁሟል። ተሳፋሪዎቹን አውርዷል። ልቡ በኃይል እየመታ መተንፈስ አቅቶታል። አምቡላንስ ወስዶታል። ሰው አልተጎዳም። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ሆስፒታል ስደርስ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት አገኘሁት። የልብ ምት መርማሪው ኢሲጂ ልቡ በኃይል እንደሚሮጥ፣ አመታቱ ግን ገና እንዳልተዛባ አሳየ። ከዚያ የደም ውጤት መጣ።

«የታይሮይድ ሆርሞኑ በጣም ከፍ ብሏል» አለን ወጣቱ ሐኪም። «አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ናት። የሰውነትን ፍጥነት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ሌላ የሚወስደው ነገር አለ? ቫይታሚን? ቅጠላ ቅጠል?»

«ኖ» አለ ሙሉጌታ።

«ምንም?»

«ምንም» አልኩ እኔ ደሞ በሙሉ ልብ። «ራሱን ሲያመው እንኳ ፓናዶል በልመና ነው የሚውጠው።» እንዲህ ያለ ምስክር ነበርኩ።

ፕሮፕራኖሎል ታዘዘለት፤ የልብ ምቱን የሚያረጋጋ ክኒን ነው። እስኪሻለው እንዳይነዳ ተነገረው። ሙሉጌታ ሕመሙን ችሎ ተቀበለ፤ ይህቺን ግን መቀበል አቃተው። አገር ቤት ሳለ ጀምሮ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መኪናውን የምነዳው እኔ ሆንኩ፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ወለሉን እንደ ፍሬን ይረግጣል።

ቤት ሲውል ይሻለዋል ብዬ ነበር። ባሰበት። ሁለተኛው የደም ምርመራ ከመጀመሪያው የከፋ ሆነ። ወደ ኢንዶክራይኖሎጂስት፣ ማለትም የዕጢ ስፔሻሊስት፣ ተላክን። ረጋ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ዕጢውን በምስል የሚያሳይ የታይሮይድ ስካን አዘዘች። ውጤቱን ይዛ ከፊታችን ስትቀመጥ ፊቷ ላይ ግራ መጋባት አየሁ።

«ዕጢው ራሱ ከልክ በላይ እያመረተ ቢሆን ኖሮ ስካኑ ላይ ደምቆ ይታይ ነበር» አለች። «የእርስዎ ግን ደብዛዛ ነው። ሆርሞኑ ከፍ ያለበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እስካሁን አላገኘሁትም። በዚህ ከቀጠለ ልብዎ አመታቱን ሊያዛባ ይችላል። እስከዚያ ድረስ መንዳት አልፈቅድልዎትም። እርግጠኛ ነዎት፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር የለም?»

«የለም» አለ። ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም። እኔም ያን ጊዜ ነገሬ አላልኩትም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሀርጂት ሊጠይቀው መጣ። ሀርጂት ፑንጃቢ ነው፤ ከዚያው ዴፖ ይነዳል፤ ዋይንድሃም ቬል ይኖራል። ባልንጀሮች ናቸው። ጥምጣሙን እያስተካከለ ገብቶ እንደተቀመጠ ከፌስታል ውስጥ አንድ እሽግ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ሻዩ መሀል፣ አኖረው።

«ወንድሜ፣ ሳያልቅብህ አይቀርም ብዬ አዲስ አመጣሁልህ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሽዋጋንዳ ነው፣ እህቴ። የአገራችን የቆየ መድኃኒት ነው። ለስትረስ፣ ለእንቅልፍ። እናቴ ሁሌ ትወስደዋለች።»

ሙሉጌታ ግድግዳውን ያይ ጀመር።

እሽጉን አነሳሁት። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ዱቄት ነው። የፈረስ ሽታ የመሰለ ነገር አለው። ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ አልፎ አልፎ ይሸተኝ ነበር፤ የቧንቧ ችግር መስሎኝ በረኪና ስደፋበት ከርሜያለሁ።

«በስንት ማንኪያ ነው የሚወሰደው?» አልኩት ሀርጂትን።

«ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ለብ ባለ ወተት።»

«አንተስ?» አልኩት ባሌን።

እንደ ምንም አወጣው። ጾም ስለነበር ወተቱን ትቶ በባዶ ሆዱ በሙቅ ውኃ ነው የጀመረው። በሾርባ ማንኪያ፣ ሞልቶ። የኛ አገር ሥር አንድ ጉርሻው ሰው ያንዘፈዝፋል፤ ይሄ የሻይ ማንኪያ ምን ሊሠራ ነው ብሎ። ጠዋትና ማታ። ሥራ ካቆመ ወዲህ ደግሞ ቶሎ እንዲያድነው ብሎ ቀትር ላይ ሌላ ጨምሮበታል።

ሀርጂት የሻይ ስኒውን አስቀመጠ። «ብራዘር» አለው ቀስ ብሎ፣ «ይሄ እኮ ምግብ አይደለም። ሐኪምህ ምን አለች?»

ሐኪሟማ ምን ታውቃለች፤ መቼ ነገራትና።

ሀርጂት ይቅርታ እየጠየቀ ሄደ፤ እሱ ምንም ያጠፋው ነገር እንደሌለ ነግሬ ሸኘሁት። በሩ እንደተዘጋ ግን ሙሉጌታ ላይ ጮህኩ። አልደብቅም፣ ጮህኩ። እኔ የምሠራበት ቤት ለአንዲት አሮጊት የዓይን ጠብታ ሲጨመር እንኳ ለነርሷ ሳይነገር አይታለፍም። የራሴ ቤት ግን እንዲህ ሆኖ ከርሟል።

«መድኃኒት አይወራም ብርቄ» አለኝ። «ከተወራ ይረክሳል። ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። እሱ ጎጃም፣ እኔ ሸዋ፣ ሁለታችንም በዚህ ነው ያደግነው። አባቱ ሥር ሊምስ ሲወጣ በመንገድ ሰላም ላለው ሰው እንኳ አይመልስም ነበር። የመድኃኒቱን ስም የሚያውቀው ሰጪው ነው፤ ተቀባዩ ውጦ ዝም ይላል። ሕንዶቹ ግን ስሙን እሽጉ ላይ ጽፈው ሱቅ ውስጥ ይደረድሩታል።

«ሀርጂት ለመላው ዴፖ እያወራ አይደል እንዴ የሚወስደው!»

«የነሱ ሌላ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ መልስ እስቅ ነበር። ከዚያ ግን እውነተኛው ነገር መጣ። «ለሐኪሟ እንዳትነግሪ» አለኝ። «በራሱ ላይ ያመጣው ነው ብላ ብትጽፍብኝ መንጃዬን አላገኘውም። አውቶቡስ ካልነዳሁ እኔ ምንድን ነኝ?» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሙሉጌታን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ፈራሁ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «መድኃኒቱ ይርከስ» አልኩት። «አንተ ብቻ ትረፍልኝ።»

በቀጠሮው ቀን እሽጉን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። እሱ ካልተናገረ ላወጣው ወስኜ ነበር። ሐኪሟ ኮምፒዩተሯን ከፍታ ገና ሳትጀምር፣ «ስጪኝ» አለኝና ተቀብሎኝ ራሱ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። መጠኑንም ሳይቀንስ ነገራት።

ትቆጣናለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ እሽጉን አነበበች።

«ብዙ ሰዎች ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ይወስዱታል፤ ረዳን የሚሉም አሉ» አለች። «አንዳንድ ሰው ላይ ግን የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የእርስዎ ከዚህ መሆኑን እርግጠኛ መሆን የምንችለው አቁመው ስናይ ነው። ዛሬውኑ ያቁሙ። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።» ከዚያ እሽጉን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «መጀመሪያውኑ ለምን ነበር የጀመሩት?» አለችው።

«ስትረስ።»

«ከምን የመጣ?»

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቃል እየመረጠ፣ ነገራት። ከሁዳዴ በፊት ነው። አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ አውቶቡሱ ፊት ገባ። ፍሬን ያዘ። አውቶቡሱ ቆመ። በሕፃኑና በአውቶቡሱ መካከል የአንድ ክንድ ርቀት ነበር። እናትየው ልጇን አንስታ፣ በእጇ ይቅርታ ብላ ሄደች። ሕፃኑ ምንም አልሆነም። ሙሉጌታ ለዴፖው ሪፖርት አድርጎ ሥራውን ጨረሰ። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር አውቶቡሱ አይቆምም።

ለዴፖው ነግሯል። ለእኔ አልነገረኝም። «በሰላም ያለፈን ነገር አንስቼ ለምን ላስደንግጣት» ነው ያለው። ስንት ዓመት አብሬው ስኖር፣ የባሌን ጭንቀት ሐኪም ቤት ተቀምጬ በባዕድ ቋንቋ ሰማሁት። አዘንኩ፤ ተናደድኩም። እጁን ግን አልለቀቅሁም።

ዱቄቱን ካቆመ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ መኸር ሰሞን ቀስ እያለ የሚፈካ ነበር። ደሙ በየምርመራው እየወረደ መጣ፤ ክኒኑም በሐኪሟ ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ቆመ፤ ክረምቱ ወጥቶ የሰፈራችን ዛፎች ማበብ ሲጀምሩ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ እየቆለፈ ወደ መስተዋቱ ሲያይ ደረስኩበትና አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። ለእንቅልፉ ደግሞ ጂፒያችን፣ የቤተሰብ ሐኪማችን፣ ሳይኮሎጂስት ጋ ላከችው። መጀመሪያ «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ነበር፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ግን ከእኔ ቀድሞ ለብሶ መኪናው አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። እዚያ ያቺን ቅጽበት ደጋግሞ እንዲተርካት አደረጉት፤ ሲተርካት ሲተርካት አውቶቡሱ በሕልሙም መቆም ጀመረ። በኋላም ሐኪሟ ለሥራው የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ ሰጠችው፤ መንጃውን የነጠቀውም፣ የወቀሰውም ሰው አልነበረም።

ሥራ የተመለሰ ቀን ፈቃድ ወስጄ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩ ተከፈተ። ማይኪ የምንለውን የአውቶቡስ መክፈያ ካርዴን አስነክቼ ከኋላው ተቀመጥኩ። እጁ መሪው ላይ ጸጥ ብሎ ነበር። አለቀስኩ፤ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሳትቆጣ የሰማችንን ሐኪም አመሰግናለሁ። ሀርጂትንም፤ የኛን ደንብ ባለማወቁ ነው ባሌን ያተረፈልኝ። አሽዋጋንዳን አልሳደብም። የሀርጂት እናት በልክ ወስዳው ተመችቷት ትኖራለች፤ ሙሉጌታም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንቅልፍ አግኝቶበት እንደነበር ይናገራል። ተክል ነው ብሎ መናቅም፣ ተክል ነው ብሎ አይጎዳም ማለትም ልክ አይደለም። መድኃኒት ከሆነ ልክ አለው፤ ልክ ካለው ደግሞ ሐኪሙ ይወቀው። በተለይ ታይሮይድ፣ ጉበት ወይም ልብ የሚያማችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ሌላ ክኒን ያላችሁ፣ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። «ሌላ የምትወስዱት አለ?» ስትባሉ የአገር ቤቱንም፣ የጎረቤቱንም፣ ቄሱ የሰጧችሁንም ተናገሩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረቱ። መድኃኒቱን ስለደበቀ ሰው ግን ዝም ይላል፤ እኛ ተረተኞቹም እዚያ ላይ ደባቂዎች ስለሆንን ይመስለኛል። አስታማሚ ከሆንሽ ጓዳ አትበርብሪ። እንደኔም አትጩሂ። አጠገቡ ተቀመጪና ምን እንደሚወስድ ሳይሆን ምን እንዳስጨነቀው ጠይቂው።

ሙሉጌታ አሁን ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ወሬ ይጀምራል። የት መንገድ እንደተቆፈረ፣ የትኛው መብራት እንዳቆየው፣ ማን ሳይከፍል ሊያልፍ እንደሞከረ፣ አንዱንም አያስቀርልኝም። እንዴት እንደሚሰለች አልነግራችሁም። እስኪጨርስ ድረስ ግን ከአጠገቡ አልነሳም።