ውሃ ማበስበስ

ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በጠርሙስ አንድ ሰማያዊ ቤታ ዓሣ፣ ከባዶ የመስታወት ገንዳ ጋር ይዛልኝ መጣች፤ "ብቻህን እንዳትሆን" ብላ። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት የከሚሴ ሰፈራችን፣ ጣት ለምታህል ፍጥረት ሃያ ሊትር ልመድብ ነው!

"አባዬ፣ ቶሎ እንዳታስገባው" አለችኝ ስትሄድ። "የቧንቧው ክሎሪን ይገድለዋል። መስታወቱን ሞልተህ ክፍቱን አሳድረው። ከዚያ ምግቡን ቆንጥረህ ጣልበትና ይበስብስ፤ ከብስባሹ የዓሣውን ቆሻሻ የሚበላ ጥሩ ባክቴሪያ ይፈጠራል። ሦስት ሳምንት ታገስ።" እስከዚያ ዓሣው በሰፊ የማር ጠርሙስ ይቆያል፤ እኔ በየሁለት ቀኑ ግማሹን ባደረ ውሃ እለውጥለታለሁ።

የሰው ልጅ ብዙ የሚያሳፍር ሥራ ይሠራል፤ ሆን ብሎ ውሃ የሚያበሰብስ ግን ከራሴ በቀር አላየሁም። በሳምንቱ ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። መስታወቱ ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገር ተለጠፈ። ሽታው ከብት የተራገጠበት የጨፋ ረግረግ ነው። ምሳዬን ጀርባዬን ሰጥቼው እበላ ጀመር።

አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ውዬ ስመለስ መስታወቱ ያበራል። ቁልፌን የሚይዙልኝ ጎረቤቴ፣ እማማ የምላቸው አሮጊት፣ አጠገቡ ቆመዋል።

"ያ ረቢ! ትል ልታፈላ ነው ወይ አንተ ልጅ? ደፋሁት። በበረኪና ፈትጌ ከቧንቧው ሞላሁልህ፤ ውሃው ላይም ከበረኪናው ጠብ አረግሁበት። አሁን ቢሻን ቁልቁሉ ሆነ፣ ንጹሕ ውሃ!"

መቆጣት ነበረብኝ። እኔ ግን አሸተትኩት፤ የሆስፒታል ኮሪደር ይሸታል፤ ደስ አለኝ። ጥየፋ አእምሮ ያሳጣል። ያነበብኩት ሁሉ ቀርቶ ልጄ የነገረችኝን እንኳ ረስቼ፣ ዓሣውን በሻይ ማጥለያ ጨልፌ ለቀቅሁት።

እሳት እንደነካው ዘለለ። ከዚያ በጎኑ ተኛ። አፉ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"ሰከረ እንዴ?" አሉ እማማ።

በዚያው ማጥለያ አፍሼ፣ የገዛ ቆሻሻው ወደሚንሳፈፍበት የማር ጠርሙስ መለስሁት። ሁለታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ብዙ ቆይቶ ክንፉ ተንቀሳቀሰ።

"ንጹሑን ጠልቶ ቆሻሻው ተስማማው? ወላሂ፣ እንደ ጌታው ነው!"

መስታወቱን የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ደጋግሜ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እንደገና ሞላሁ፣ አሳደርሁ፣ ቆንጥሬ ጣልሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬን እደፋበታለሁ። እማማ በመስኮት ብቅ ይላሉ።

"ዛሬስ?"

"አልሐምዱሊላህ እማማ፣ ሸቷል።"