ማንጎ ማንጎ የሚሸተው ሲጋር

ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን ግቢ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ሲጋር አጨስኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ።

ነገ ከቢቸና ወደ ሞጣ እዛወራለሁ። ባልደረቦቼ ሽኝት አዘጋጅተው ነበር፤ ከሻይ በኋላ የሰጪው ስም ያልተጻፈበት ጥቅል አመጡልኝ። ሳቃቸውን አፍነው ሲጠቃቀሱ ስላየሁ ገና ሳልፈታው ጠረጠርኩ።

ውስጡ የላስቲክ አፍ ያለው፣ ማንጎ ማንጎ የሚሸት ርካሽ ሲጋር ነው። ቀና ስል ስልኮቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረዋል።

ገባኝ። ስንት ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ ድምፄን ሳላሰማ ሠርቼ፣ ማስታወሻ አድርገው የሚያስቀሩት ጭስ አፍኖኝ ስስል የሚያሳይ ቪዲዮ ሊሆን ነው!

“እትዬ የሺ፣ አንዴ ብቻ! በሞቴ!” አለች ጸሐፊዋ ክብሪቱን ይዛ።

ሳብኩት። ከረሜላ ከነላስቲኩ አቃጥለው ያጎረሱኝ መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሳል ግን አልሰጠኋቸውም።

እንባዬን ለመደበቅ ሳቀረቅር ጥቅሉ የታሰረበትን ክር አየሁት። እኔ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ የማስቀምጠው አረንጓዴ የፋይል ማሰሪያ! በዚህ ሳምንት ፈርመው የወሰዱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ፈገግ ሲሉ እንኳ አይተናቸው የማናውቀው፣ አሁን ከሰው ኋላ ቆመው የሚያዩኝ አለቃችን አቶ አንተነህ።

“ጌታዬ፣ የቀረው የእርስዎ ነው” ብዬ ሲጋሩን ከነክሩ ዘረጋሁላቸው።

ስልኮቹ ወደ እሳቸው ዞሩ። እምቢ ማለት አሳፍሯቸው አንዴ ሳቡና፣ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያጎነብሱ ሳሉ።

ቪዲዮው የእሳቸው ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ሞጣም ሄጄ ከስጦታው በፊት ክሩን ነው የማየው።

እናንተስ? ገና ሳትፈቱት የጠረጠራችሁት ስጦታ ምን ሆኖ ተገኘ?