የእናቴ ቀብር በዲቪዲ

አጎቴ ታናሽ እህታቸውን፣ ማለትም እናቴን፣ አልቀበሩም። እኛ ቢቸና ስንቀብራት እሳቸው ሞጣ እግራቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበሩ። በእኛ አገር እህቱን ያልቀበረ ሰው ምን ሲባል እንደሚኖር አሳምረው ያውቃሉ፤ ስለዚህ አቋራጩን መረጡ። «በዓይኔ ካላየሁ ሞታለች አልልም» ብለው ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። ሊያጽናና የመጣውን ጎረቤት ሁሉ «ማን ሞቶ?» እያሉ መለሱት። አርባዋ ሲቃረብ የዘመድ ትዕግሥት አለቀና፣ ቀብሩን ወስጄ እንዳሳያቸው እኔ ተላክሁ።

ቀብሩማ ዩቲዩብ ላይ አለ። በስልኬ የቀረጽሁት እኔ ነኝ፤ የለጠፈው ደግሞ ቻናል ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ስልኬ ሲሞላብኝ የእኔን አጥፍቼው ነበርና የቀረው እሱ ያሳመረው ብቻ ነው። ማሳመርስ አሳምሮታል! ሲጀምር የእናቴ ፎቶ እየተሽከረከረ ይመጣል። ሬሳው ከቤት ሲወጣ ደግሞ «ሰብስክራይብ ያድርጉ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከሥር ብልጭ ድርግም ይላል፤ ደወልም አለው።

ሞጣ ሄጄ መጀመሪያ በስልኬ ላሳያቸው ሞከርሁ። አጎቴ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙትና «እህቴ እንዲህ ትንሽ ሰው አልነበረችም» ብለው መለሱልኝ። ቴሌቪዥናቸው ደግሞ ሆዱ ወደ ኋላ የወጣ የድሮ ዕቃ ነው፤ ኢንተርኔትም ፍላሽም አያውቅም። የሚያውቀው ከሥሩ ጥልፍ ለብሶ የተቀመጠውን የዲቪዲ ዴክ ብቻ ነው።

ቢቸና ተመልሼ ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ዲቪዲ ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራት ሳቀች። «ወንድሜ፣ ዲቪዲ እኮ ከእናትህ በፊት ነው የሞተው» አለችና ወዲያው አፏን ያዘች። ከመሳቢያ ሥር አንድ ባዶ ዲስክ ፈልጋ አገኘች፤ ቪዲዮውን አውርዳ ጫነችበትና ላዩ ላይ በማርከር «ቀብር» ብላ ጻፈች። በደብረ ወርቅ በኩል እስከ ሞጣ ድረስ እንደ እንቁላል ይዤው ሄድሁ። ዴኩ ዋጠው፣ አጉረመረመ፣ ዲስክ የለም ብሎ ተፋው። አጎቴ ፊታቸው በራ።

«አላልኋችሁም? አልሞተችም።»

ቢቸና ተመልሼ ስጮህባት ሴትዮዋ ቅንጣት አልደነገጠችም። «ገልብጭልኝ አልኸኝ፣ ገለበጥሁልህ። ዴክ እንዲያነበው የቪዲዮው ፎርማት መቀየር አለበት። መች ቀይሪልኝ አልኸኝ?» አለችኝ። ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ያለው መንግሥት ቢሮ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለመቀየር ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፍቶ ሀ ተብሎ ተጀመረ።

ሁለተኛው ዲስክ ሠራ። የሞጣ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እዝኑን ይዞ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደረደረ። ሬሳው ሲወጣ አለቀሱ፤ «ሰብስክራይብ» ሲመጣም አለቀሱ። ከዚያ እንባው ደረቀና ቆጠራው ተጀመረ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ደረቱን መታ፣ ማን ካሜራ ሲያይ ብቻ መታ።

«አቁመውማ! ያ ሰውዬ እየሳቀ አይደል?»

ሪሞቱ በእኔ እጅ ነው፤ አቆማለሁ፣ እመልሳለሁ። በዚሁ ባበቃ ደግ ነበር፤ የማውቀውን ጉድ ሁሉ እየጨመርሁ አብሬ አማሁ። ደረቷን እየመታች በጣቶቿ መካከል ወደ ካሜራው የምታጮልቅ ዘመዳችንን ሦስት ጊዜ መልሼ አሳየሁና «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አጎቴ አልሳቁም። አፈሩ መመለስ ሲጀምር ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «እህቴን፣ እህቴን» እያሉ ተንሰቀሰቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈለግሁህ» አሉ። «የለህም።»

«እኔማ ቀራጩ ነኝ፣ አጎቴ። ሰው ሁሉ ቀብሯን ይይላት ብዬ...»

«እሱንማ አየሁ። እናትህ ጉድጓድ ስትገባ እንኳ ሥዕሉ አንዴ አልተንቀጠቀጠም።»

ጥሩ አድርጌ ቀርጬ ነበር። አፈሩ ሲገባ የማስበው ስለ ስልኬ ባትሪ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አፈርሁ።

አጎቴ የተሰበረ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ገፋ አድርገው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሪሞቱን ከእጄ ወሰዱ።

«እኔስ ይኸው ቀበርኋት» አሉ። «አሁን ከመጀመሪያው እናስጀምረዋለን። ተቀመጥና እናትህን ቅበር።»