የጋሽ ወጋየሁ ትከሻ

ጋሽ ወጋየሁ ጎረቤቴ ነው። ወጣትነቱን በኪነት ቡድን ተወዛዋዥነት ጨረሰ፤ ከዚያ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በአንድ የባህል ምግብ ቤት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ጉልበቱ እስኪያልቅ ጨፈረ። ሞቅ ያለው እንግዳ ግንባሩ ላይ ብር ሲለጥፍለት ፈገግ ይላል። ቤቱ ሲገባ ይራገማል።

ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ማንበብ ጀመረ። ስለ ጥንት ጭፈራ የተጻፈ ነገር ካገኘ አይለቅም። ነፋስ ስልክ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ ቆመን ይሰብከኛል።

«ሰው መጻፍ ሳያውቅ ነው የጨፈረው። ዋሻ ውስጥ ድንጋይ ላይ ሥሎታል እኮ። ግሪኮቹ ለአማልክታቸው፣ ህንዶቹ ቤተ መቅደሳቸው ውስጥ፤ ዳዊትስ ቢሆን በታቦቱ ፊት አይደል የዘለለው? የጥንት ግብፆች ደግሞ ሬሳ ሲሸኙ ከፊት ጨፋሪ ያስቀድሙ ነበር። የመጠጥ ማጣጫ ያደረግነው እኛ ነን።»

የግብፆቹን ነገር ለተሾመችም ነግሯታል። ተሾመች ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ፊት ለፊቱ የጨፈረች ባልደረባው ናት፤ እሷም የሰፈራችን ሰው ነበረች። ክረምት ላይ ታማ ልንጠይቃት አብረን ሄድን።

«ወጌ፣ እኔንም እንደነዚያ ሸኘኝ። ከቤት ስወጣ ከፊቴ ሁን» አለችው።

«እሺ ተሹ» አላት። ከሦስታችን በቀር ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ አረፈች። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ድንኳን አስተከልኩ፣ ወንበር አስደረደርኩ። ጋሽ ወጋየሁ የድሮ የመድረክ ልብሱን ለብሶ መጣ። አስከሬኑ ከበር ሲወጣ ከፊት ቆመ። ጉልበቱ አይታጠፍለትም፤ ትከሻው ብቻ ቀስ እያለ መወዛወዝ ጀመረ። ከበሮ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ለቀስተኛው ለቅሶውን አቁሞ ያየው ጀመር።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዳኜ ወደ እኔ ዞረ። «ሚሳኤል፣ ያዘው እንጂ። ሠርግ መሰለው እንዴ? ጠጥቶ መሆን አለበት።»

ጋሽ ወጋየሁ ጠጥቶ አልነበረም። ቃል ሲገባ እዚያው ተቀምጫለሁ፤ «አደራዋ ነው» ብል ይበቃ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ግን አፈርኩ። ሄጄ ሁለት ትከሻውን ያዝኩት።

አልታገለኝም። ትከሻው እጄ ውስጥ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ተሾመችም በአጠገባችን አለፈች።

ለስንቱ ሰካራም ያንን ትከሻ ሲሰብቅ ኖሮ ማንም ይዞት አያውቅም። ከልቧ የለመነችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለእሷ ሲሆን እኔ ያዝኩት። ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

አሁንም የታክሲ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን። ሰላም ይለኛል፣ ልጆቼን ይጠይቀኛል። ስለ ጥንቱ ጭፈራ ግን አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም።