አንድ ቴሌቪዥን ከአማቴ ጋር

እግሬ የተሰበረው ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ከምሠራበት መጋዘን ውስጥ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ካርቶን ሳወርድ መሰላሉ ከዳኝና በግራ እግሬ ላይ ወደቅሁ። ሐኪሙ ከጉልበቴ በታች ጀሶ አደረገልኝ፣ መሬት እንዳልረግጥበት አስጠንቅቆም ወደ ቤት ሰደደኝ። ቤታችን ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ አሳንሰር የሌለው አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በወንበር ተሸክመው አወጡኝ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ በየመታጠፊያው እግሬ ግድግዳውን ይነካ ነበር። ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ፣ ውሃ ጠጡና "ያላ፣ በል ቶሎ ዳን" ብለውኝ ወረዱ። የእግራቸው ኮቴ ከደረጃው ላይ ሲጠፋ ነው የት እንደቀረሁ የገባኝ።

ቤት ውስጥ ያሉት አማቴ ብቻ ነበሩ።

አማቴ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ዓመታት ቢያልፉም እኔና እሳቸው ተቀምጠን አውርተን አናውቅም ነበር። የጎንደር ሰው ይህን ሳይነገረውም ያውቀዋል። አማችና አማት ይተፋፈራሉ፤ አንድ ማዕድ ላይ አይቀርቡም፣ ዓይን ለዓይንም አይተያዩም። እኔ ከሥራ ስገባ እሳቸው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። የጎደለባቸው ነገር ካለ ለሚስቴ ይነግሯታል፣ እሷ ለእኔ ትነግረኛለች። የእኔም መልስ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሁለታችንም አንቱ ነው የምንባባለው፤ ያም ቢሆን የምንባባልበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር።

አሁን ግን ሚስቴ በማለዳ ወጥታ አረጋውያን ልትንከባከብ ትሄዳለች። ልጃችን ወታደር ስለሆነች የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ቀኑን ሙሉ የምንቀረው እኔና አማቴ፣ ያለንም አንድ ቴሌቪዥን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቴሌቪዥኑን እኔ ያዝኩት። የዕብራይስጡን ፊልም አንዱን ከአንዱ አያይዤ አየሁ፤ የፖሊስ፣ የወታደር፣ የሌባ። ጥቂት ቀን እንዳለፈ የትኛው ገዳይ ከየትኛው ፊልም እንደሆነ ይምታታብኝ ጀመር። እግሬ ከጀሶው ውስጥ ያሳክከኛል፣ እጄ አይደርስበትም። በመስኮቱ የማየው የፊት ለፊቱን ሕንፃ የውሃ ማሞቂያዎችና የተሰጣ ልብስ ነው። ለዓመታት ማታ ገብቼ ጠዋት የምወጣበት ቤት እንዲህ ጠባብ መሆኑን አላውቅም ነበር። አማቴ ከክፍላቸው ሳይወጡ ይውላሉ፤ ሲያስሉ ይሰማኛል። ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ክራንቼን ሳነሳ፣ ድምፁን ሰምተው እንዳልሳቀቅ ገርበብ ያለውን በራቸውን ይዘጋሉ።

አንድ ምሽት ሚስቴ ሳህን እያጠበች፣ እናቷ ድራማቸው እንዳመለጣቸው ነገረችኝ። ለካ እኛ ሁላችን ከወጣን በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ያያሉ። እኔ ሶፋው ላይ ከተኛሁ ወዲህ አንድም ቀን አላዩም፣ አንድም ቀን አልተናገሩም። ነገ ይውጡ በያቸው አልኳት።

በማግሥቱ ወጡ። ወንበራቸውን ከበሩ አጠገብ አድርገው፣ ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ እንጂ ወደ እኔ እንዳይሆን ጠምዘዝ ብለው ተቀመጡ። ድራማው የአንዲት ድሃ ልጅ ነው። ከባሕር ዳርቻ ያለ ትልቅ ግቢ ተድራ ትገባለች፤ የባሏ እናት ክፉ ሴት ናት፣ ከአጥር እንዳትወጣ ትከለክላታለች። ሰው አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ፊቱ በሙዚቃ ታጅቦ ደጋግሞ ይታያል። ምስጢር ሁሉ የሚወራው በሩ ተከፍቶ ነው፤ በረንዳው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያዳምጥ ሰው አለ።

"እነዚህ ሰዎች በር የሚዘጋ ነገር መሆኑን አያውቁም?" አልኩ፣ ለራሴ።

ከነጠላው ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። አማቴ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ማውራት ጀመርን፤ በመጀመሪያ ለቴሌቪዥኑ፣ ቀስ በቀስ እርስ በርስ። የእኔን ፊልምም ማየት ፈለጉ። ዕብራይስጡ ሲፈጥንባቸው እየተረጎምኩላቸው አብረን እናያለን። ፍርዳቸው ፈጣን ነው። ገዳዩ ሁልጊዜ መልከ መልካሙ ሰውዬ ነው ይላሉ፣ ሁልጊዜም ይሳሳታሉ። ሲሳሳቱም ፊልሙ እንጂ እሳቸው እንደተሳሳቱ አይቀበሉም። የዕብራይስጡን ሰዎች ሰላምታ ስለማያውቁ አይወዷቸውም። ሰው ከሰው ቤት ገብቶ እንደምን ዋላችሁ ሳይል ነገር ይጀምራል ይላሉ። ከሁሉ የሚያናድዳቸው ግን ምግቡ ነው። በቱርኩም በዕብራይስጡም ማዕድ ይቀርባል፣ አንድ ክፉ ቃል ይወጣል፣ ሁሉም ሳይቀምስ ተነስቶ ይሄዳል። "የሠራችው ሴት ምን ትላለች? እሷን የሚያሳይ የለም" አሉኝ አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ማዕድ በቀረበ ቁጥር እኔም ምግቡን ማየት ጀመርኩ፤ እውነትም ማንም አይበላውም።

እንደዚህ እየተጨዋወትንም ቢሆን ቀኑ ይረዝም ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስትዞር እያየሁ፣ አንዳንዴ ጀሶውን በቢላ ሰንጥቄ ወጥቼ መሄድ ያምረኝ ነበር። በድራማው ልጅ ላይ የነደድኩትም እንደዚያ ባለ ቀን ነው። የግቢው ዘበኛ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ትልቁ በር ተከፍቷል። ልጅቷ እስከ በሩ ሄደች፣ መንገዱን አየች፣ ቆመች፣ ተመልሳ ገባች። የዕለቱ ክፍል እዚያ ላይ አለቀ።

"ሞኝ ናት" አልኩ። "በር ተከፍቶላት ተመልሳ ገባች። እንዲህ ዓይነቷ ሥቃይ ቢያንሳት እንጂ አይበዛባትም።"

"ወጥታስ የት ትደርሳለች?" አሉ አማቴ።

"የትም ትድረስ። ዋናው መውጣቱ ነው።"

ዞረው አዩኝ። ነጠላቸው ወደ ትከሻቸው ወርዶ ነበር፣ አላነሱትም።

"አንተ ደግሞ" አሉኝ፣ "እግርህ ነገ ይድናል። በር የተከፈተለት ሁሉ የሚወጣ ይመስልሃል። የዚህ ቤት በር መቼ ተቆልፎብኝ ያውቃል? ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሰክታችሁልኝ ነው የምትሄዱት። እስቲ ስወጣ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

ጉልበታቸው ደረጃ መውረድ ከተወ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ በረንዳ ይወጣሉ፣ ከዚያ በላይ የለም። እኔ ይህን አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ግን ሰፈሩ ውስጥ የትኛው ሱቅ የት እንዳለ እንደማውቀው ነው፣ አስቤበት አላውቅም። እሳቸውም አንዴ ከጀመሩ አላቆሙም። ከአንድ ቀዬ አብረዋቸው የመጡ፣ እዚሁ ከእኛ ቀጥሎ ባለው መንገድ ይኖሩ የነበሩ ሴት ሲሞቱ፣ የለቅሶው ድንኳን ከበረንዳችን ይታይ እንደነበር ነገሩኝ። ሰው ሲገባ ሲወጣ ያያሉ። ሙሾውን ሳይቀር ይሰማሉ።

"የአገሬን ልጅ ለቅሶ ከበረንዳ ደረስኩ" አሉ። "ቆሜ አለቀስኩላት፤ ማንም አላየኝም።"

ከዚያ አንተ እንዳሉኝ ትዝ አላቸውና ደነገጡ። አንቱ ለማለት ነው ሲሉኝ፣ እንደጀመሩ ቢቀጥሉ ደስ እንደሚለኝ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ አንተ እንዳሉኝ ቀሩ።

ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ጀሶው ተፈታልኝ። ግድግዳውን ይዤ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ውጭው ሞቃት ነበር። ያለ ጉዳይ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድኩና ተቀምጬ የሚወጣ የሚወርደውን ሰው አየሁ። ስመለስ አማቴ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ። አትክልት ሻጩ ሱቁን ቀለም እንደቀባ ነገርኳቸው። ምን ዓይነት ቀለም አሉ። አረንጓዴ ስላቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

የሕንፃው ነዋሪዎች ሲሰበሰቡ አሳንሰር ይሠራልን ብዬ ተናገርኩ። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ብርሃን ይጋርድብናል፣ ቁፋሮውም ያውከናል አሉ። የስብሰባው መሪ "በሰደር፣ እሺ፣ ሌላ ጊዜ እናየዋለን" ብሎ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጉዳይ አለፈ። እኔና ሚስቴ ምድር ቤት መፈለግ ጀመርን፤ እስካሁን አላገኘንም። መሸከምንም አስበን ነበር። የሚስቴ ወንድሞች ጠንካሮች ናቸው፣ ባልደረቦቼ እኔን እንዳወጡኝ እሳቸውን በወንበር ማውረድ አይከብዳቸውም። አማቴ ግን እምቢ አሉ።

"በሰው ትከሻ የምወርደው አንድ ጊዜ ነው" አሉ። "እሱም ቀኑ ገና ነው።"

ድራማው ያለቀው ልጃችን ቤት በነበረችበት ዓርብ ነው። ሁላችንም ተሰብስበን አየነው። ልጅቷ ከግቢው ወጣች፣ ባሏም ተከተላት፤ ክፉዋ አማት ታማ ይቅርታ ጠየቀች፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሚስቴ ዓይኗን ጠረገች። ልጄ በዕብራይስጥ ደስ የሚል ፍጻሜ ነው አለች። እኔም እንድትወጣ ስፈልግ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ስትወጣ ግን አላመንኳትም። አማቴን አየሁ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር።

"ውሸት ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ። "ሌላ ፈልግልኝ። ቶሎ የማያልቅ ይሁን።"

ወደ አማርኛ የተመለሰ የሕንድ ድራማ ከኢንተርኔት አገኘሁላቸው፤ ልጄ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችላቸው። መጋዘኑ ተመልሼ ከገባሁ ወዲህ ቀን ብቻቸውን ነው የሚያዩት። ማታ ስገባ ወደ ክፍላቸው አይሄዱም፤ ጫማዬን እስካወልቅ ጠብቀው የዕለቱን ይነግሩኛል። ማን እንደዋሸ፣ ማን እንደተጠለፈ፣ ማን እህሉን ጥሎ እንደተነሳ። ታላቅ ወንድምየው ነው ጥፋተኛው ብዬ ስከራከራቸው አይቀበሉኝም።

"አላየኸውም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ውጭ ነበርኩ።